ለእሹሩሩ መልስ የሰጠችው አያት

ዳሃቦ በሶማሌ አገር በቡራኦ ገበያ የግመል ወተት ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት፤ ዋጋ ስትጠራ ማዶ ሰፈር ይሰማታል። አፏ እረፍት አያውቅም። ጥፋቷም የመጣው ከዚያው ከአፏ ነው።

አንድ ጠዋት የልጇ ሚስት ኡባህ ሕፃኗን ሰጋልን ታቅፋ፣ ትንንሽ እጆቿን እያጨበጨበች «ሆቤያ» በሚለው የሶማሌዎች እሹሩሩ ታባብላት ነበር፦

«ሆቤያ ሰጋሌ፣ ሆቤያ ልጄ፣
ግመል ያርፋል እንጂ አያርፍም እጄ፣
የአያትሽ ምላስ ጅራፍ ነው ልጄ።»

ዳሃቦ ከደጅ ሰማችና ደሟ ፈላ። መጋረጃውን ገልጣ ገባች። «ጅራፍ? እኔ ነኝ ጅራፍ? እናትሽ ቤት ማን ነበር እጅሽን ያሳረፈልሽ?» ብላ አወረደችባት።

ጎረቤቷ ሙሚና ይህን ስትሰማ በድንጋጤ አፏን ያዘች። «አንቺ ሴት፣ አብደሻል? ለሕፃን ለተባለው ማን መልስ ይሰጣል? እኛስ በእሹሩሩ ስንቱን ብለን አልነበር? አማቶቻችን ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፉን ነበር እንጂ!»

ከዚያ ቀን ወዲህ ኡባህ ጭጭ አለች። ልጇን ታጠባለች፣ ታለብሳለች፣ ታስተኛለች፤ ዜማም ጭብጨባም ግን ቀረ። ሰጋል ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ከረመች። የሙሚና የልጅ ልጅ፣ እኩያዋ፣ «ባ! ባ!» እያለ ሲያጨበጭብ፣ እሷ ከልቅሶ በቀር ድምፅ አልነበራትም። ዳሃቦ ይህን አይታ ደረቷን ደቃች። «ወይኔ! ልጅቷን ዲዳ አደረግኳት!»

ጤና ጣቢያ ወሰዷት። «ጆሮዋ ደህና ነው» አለች ነርሷ። «ዝፈኑላት፣ እጇን ይዛችሁ አጨብጭቡ። አፋችሁን እያየች ድምፅ ማውጣት ትማራለች፤ እናንተ ስታቆሙ ደግሞ ተራዋን ትይዛለች። ወሬ የሚጀምረው ከዚያ ነው።»

ኡባህ እንዳኮረፈች ልጇን አስተኝታ ማድቤት ገባች። ዳሃቦ ግን ቆርጣ ተነሳች። «ሞቼ እገኛለሁ! ይቺ ልጅ ታጨበጭባለች።»

በየቀኑ ከገበያ ስትመለስ ሰጋልን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ መዳፎቿን ይዛ ጭብ ጭብ ታደርጋለች። ድምፅዋ ሻካራ ነው፣ ዜማውም ይጠፋታል። ልጅቷ እጇን መንጭቃ ትጮሃለች። «ተቆጪ፣ ተቆጪ! ነገም አለሁልሽ» ትላለች ዳሃቦ። እያደር ሰጋል የአያቷን አፍ ትኩር ብላ ማየት ጀመረች። በራሷ እጅ ግን አላጨበጨበችም።

አንድ ቀን ዳሃቦ ማድቤት ድረስ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፦

«ሆቤያ ሰጋሌ፣ ጭብ ጭብ በይልኝ፣
እናትሽን ያስኮረፍኩ ሞኟ እኔው ነኝ።»

ኡባህ ማማሰያዋን እንደያዘች ብቅ አለች። «ኤዶ፣» አለች እንደ ወጉ አማቷን አክብራ ጠርታ፣ «ይሄን ለማን ነው የሚሉት?»

«ለሕፃኗ ነዋ! አንቺ ምን አገባሽ? ለእሹሩሩ መልስ አይሰጥም» አለች ዳሃቦ ቀና ሳትል።

ኡባህ ሳቋ አመለጣት። ማማሰያውን አስቀምጣ ከልጇ ፊት ቁጭ አለችና፣ ስንት ጊዜ የዋጠችውን ዜማ እያጨበጨበች አወጣችው። «ግመል ያርፋል እንጂ አያርፍም እጄ፣ የአያትሽ ምላስ...» እዚህ ላይ አማቷን ፈርታ ቆመች።

ሰጋል የእናቷን አፍ አየች። ጠበቀች። ዝም ሲባልባት፣ ማንም ሳይዛት፣ እጆቿን ጭብ! አደረገች። «ባ!»

የዳሃቦ እንባ ዱብ ዱብ አለ። «ምን ትጠብቂያለሽ? ጨርሺው እንጂ! ጅራፍ በዪኝ፣ የፈለግሽውን በዪኝ! ልጅቷ ተራዋን እየጠበቀች ነው!»