ባልና ሚስት በአለቱ ግራና ቀኝ

ራይሊ ከመሬት በታች ሰላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ ከዚያ ውስጥ ዝም ያለችበት ሰዓት ቢደመር አንድ ሳምንት አይሞላም። መሰርሰሪያ መኪናዋን እየነዳች ትዘፍናለች፣ ምሳዋን እየበላች ትሳደባለች፣ በሬዲዮ አለቃዋን ሥራ ታስተምራለች። ባሏ ታውኖ አንድ ቃል ከሚያወጣ አንድ ሜትር አለት ቢበሳ ይቀለዋል። ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል፤ የእነዚህ ቀጂ ግን ሁለት ቦታ ሳይሄድ አልቀረም።

እኔ ኬርቱ ነኝ፣ በሰሜን ፊንላንድ፣ በላፕላንድ፣ በሚገኝ የወርቅ ማውጫ መግቢያ ላይ ሰሌዳውን የምጠብቅ። እያንዳንዱ ሠራተኛ ስሙ የተቀረጸባት የናስ ታርጋ አለችው። ሲወርድ በቀዩ በኩል ይሰቅላታል፣ ሲወጣ ወደ አረንጓዴው ያዞራታል። በቀዩ በኩል አንዲት ታርጋ እንኳ ካለች ፈንጂ አይፈነዳም። ታርጋውን የረሳ ሰው በማግስቱ ለፈረቃው ሁሉ ኬክ ያመጣል፣ በረሳበት ቀንም የማፈንጃውን ቁልፍ መንካት አይፈቀድለትም። ይህ ሕግ የትም አልተጻፈም፤ ደፍሮ የጣሰው ሰው ግን አላውቅም።

ሁለቱም ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው አንድ መተላለፊያ ከሁለት ጫፍ መቆፈር ተጀመረ። ራይሊ ከሰሜን፣ ታውኖ ከደቡብ። ሰባት ዓመት ሙሉ የተጨቃጨቁበት ነገርም አብሯቸው ወረደ። ታውኖ ጉልበቱ ብርዱን ስለጠላ ጡረታውን እስፔን ባሕር ዳር ሊያሳልፍ ይፈልጋል። ራይሊ ግን ከመንደሯ ንቅንቅ የለም።

«እኔን ከላፕላንድ የሚያነሳኝ ቄሱ ብቻ ነው፣ ያውም በሬሳ ሣጥን!» ትላለች።

በመጨረሻ በፈረቃ አለቃችን በሄይኖ ፊት ተወራረዱ። መተላለፊያውን የሚከፍተውን የመጨረሻ ፈንጂ ቁልፍ የተጫነ የሚኖሩበትን አገር ይመርጣል። እጅ ለእጅ ተማቱ፣ እኛም ጮቤ ረገጥን። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምሳ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ የራይሊ ደጋፊ፣ ግማሹ የታውኖ።

በመካከላቸው አሥራ አምስት ሜትር ሲቀር በደንቡ መሠረት አንደኛው ወገን ማቆም አለበት። ቀያሹ ለካ፤ የራይሊ ወገን ቀድሟል፤ የመጨረሻውን ቁልፍ የምትጫነው እንግዲህ እሷ ናት። ታውኖ ማሽኑን አጠፋ። ወዲያው ሬዲዮኑ ጮኸ።

«ታውኖ፣ የኔ ሸበቶ! አለህ?»

«አለሁ» አለ።

«ያቺን ለእስፔን የገዛሃትን የፀሐይ ባርኔጣ ለድመቷ ስጣት፣ ትተኛባት!»

በአራት መቶ ሜትር ጥልቀት ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔማ ሻዬን ደብተሬ ላይ ደፋሁት።

የመጨረሻው ቀን ሚያዝያ ላይ ነበር፤ በረዶው ከጣሪያ ላይ የሚንጠባጠብበት፣ ሰው ያለምክንያት የሚስቅበት ሰሞን። ራይሊ የመጨረሻዎቹን ቀዳዳዎች በሳች፣ ሌሎች ፈንጂውን ሞሉ። እሷ ግን ደስታዋ አላስቆም አላስቀምጥ ስላላት ሌላው ሰው የሚወጣበትን አውቶቡስ አልጠበቀችም። በወዲያኛው በር የሚወጣ የድንጋይ መኪና አስቁማ ተሳፈረችና በሐይቁ ዳር ካለው አሮጌ ሳውና፣ ከእንፋሎት መታጠቢያው፣ አጠገብ ወረደች። ሹፌሩም፣ የእነሱ ታርጋ በዚያው በር ነው የሚሰቀለው፣ ቀኑ ሞቅ ሲለው መኪናውን አቁሞ በወንዶቹ በኩል ገባ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። በእኔ ሰሌዳ በኩል አላለፈችም።

ሄይኖ ወደ እኔ መጣ። «ቀዩ ባዶ ነው?»

ዞር ብዬ አየሁ። አንዲት ታርጋ። ራይሊ።

ስልኳ ላይ ደወልኩ፣ አይነሳም። ሳውና ውስጥ ስልክ ይዞ የሚገባ ፊንላንዳዊ ገና አልተወለደም። ግን እዚያ ትሆናለች ብሎ ማን ያስባል? በአእምሯችን የታየን ፈንጂ የተሞላው አለትና ከሥሩ የወደቀች ሴት ነበር። ታውኖ አጠገቤ ቆሞ ታርጋዋን አየ፣ ከዚያ ሮጠ። ያ ደረጃ ሲወጣ የሚያቃስት ሰው፣ ሮጠ! ሄይኖና የነፍስ አድን ጓዶቹ ተከትለውት ወረዱ፤ በቀዩ በኩል ስምንት ታርጋ ተጨመረ። ሌላው ስልሳ ሰው በግቢው፣ በመጋዘኑ፣ በሐይቁ ዳር ተበተነ። እኔ ሰሌዳዬ ሥር ተቀምጬ፣ እውነቱን ልናገር፣ ጸለይኩ።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ታውኖ የሚስቱን ጓንት ብቻ ይዞ ወጣ። በዚያው ቅጽበት አንዱ ከውጭ ጮኸ፤ «የሐይቁ ሳውና ይጨሳል! ዘፈንም ይሰማል!»

ታውኖ ደርሶ በሩን በረገደው። እኔ ከኋላው ነበርኩ። ከእንፋሎቱ መሃል ራይሊና ሁለት የወጥ ቤት ሴቶች እርቃናቸውን ተደርድረዋል።

«በሩን ዝጋ፣ እንፋሎቱ ወጣ!» አለች ራይሊ። «ደግሞ በቦት ጫማ ሳውና ይገባል እንዴ? እናትህ አላሳደገችህም?»

ታውኖ መብራቱ ራሱ ላይ እንደበራ፣ እስከ አንገቱ ጭቃ እንደሆነ ቆሞ ቀረ።

«ታርጋሽ» አለ።

ራይሊ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ አንዷ የወጥ ቤት ሴት ፎጣ እየፈለገች ተንሸራታ ባልዲው ውስጥ ቁጭ አለች፤ እኔ መሳቅ ጀመርኩ፣ ሁላችንም እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ታውኖም ሳቀ፤ የእሱ እንባ ግን ከሳቁ በፊት የጀመረ ነበር።

የወረዱት ሁሉ ወጥተው ቀዩ ባዶ ሆነ። ሕግ ግን ሕግ ነው። ቁልፉ ለታውኖ ተላለፈ። ራይሊ ጸጉሯ እንደረጠበ መጥታ ከጎኑ ቆመች።

«ተጫን» አለችው። «ቃል ነው።»

ተጫነ። መሬቱ ከእግራችን ሥር ዱም ብሎ ተነቃነቀ፤ መተላለፊያው ተከፈተ። ማንም አላጨበጨበም፤ ሁላችንም ራይሊን ነበር የምናየው።

«እሺ፣ እስፔን» አለች። «ሻንጣው መቼ ይዘጋጅ?»

«የትም አንሄድም።»

«ምን ማለትህ ነው? አሸንፈሃል እኮ!»

ታውኖ የራስ ቆቡን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። «እዚህ ብትጠፊ ስልሳ ሰው ይፈልግሻል። እዚያ ብትጠፊ የምፈልግሽ እኔ ብቻዬን ነኝ። በዚህ ጉልበቴ ደግሞ እንደዛሬው ሁለተኛ መሮጥ አልችልም።»

ራይሊ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ድምጿን ለቅቃ አለቀሰች። እኛ ደግሞ ኬኩን ትልቅ አድርጊው ብለን ጮኽንባት።