ሁለተኛው ራዲያተር

ያን ብሎን ዛሬም ጣቶቼ ያውቁታል። ሁለት ጆሮ ያለው፣ ያለ መፍቻ በእጅ የሚዞር፣ ከሥሩ የጎማ ቀለበት ያደረግኩለት ተራ ብሎን ነበር። ልክ ሲገጥምልኝ ደስ ብሎኝ ማፏጨት ጀመርኩ። በዚያ ፉጨት እስካሁን አፍራለሁ።

ድንበሩ አቅራቢያ ባለችው ገንዳ ውሃ ከተማ ጋራዥ በከፈትኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ጋራዥ ስል አራት ቋሚና ቆርቆሮ ማለቴ ነው። ወሩ ግንቦት ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ደመናው በምዕራብ ይከመርና ሳይዘንብ ይበተናል፣ አየሩ ግን እንደታፈነ ያድራል። በዚያ ወር ቆላ ላይ ሰው ሁሉ ቁጡ ነው፤ እኔ ደግሞ በደህናው ወርም ቁጡ ነኝ። ደንበኛ አንድ ነገር ሁለቴ ከጠየቀኝ ፊቴን አጠቁርበታለሁ። ሥራዬ መኪና መጠገን እንጂ ሰው ማስረዳት አይመስለኝም ነበር።

የመኪናው ባለቤት የሰሊጥ እርሻ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ እኔም ሰፈሩም ጋሼ እንላቸዋለን። ወጣትነታቸውን ድንበር ማዶ፣ ገዳሪፍ፣ ትራክተር ሲነዱ ስላሳለፉ በወሬያቸው መሀል ዓረብኛ ጣል ያደርጋሉ። ከዚያ ይዘውት የመጡት ሌላው ነገር የውሃ ፍርሃት ነው። ቆላ ላይ ሞተር የሚሞተው በጥማት ነው ብለው ያምናሉ። ጠዋት ጠዋት ፊታቸውን ሳይታጠቡ ጀሪካን ይዘው ይወጡና የመኪናቸውን ራዲያተር እስኪፈስ ይሞላሉ። ቧንቧው ጠፍቶ ውሃ በአህያ በሚገዛበት ሰሞን እንኳ መኪናው ሳይጠጣ ቤተሰቡ አይጠጣም። ሰፈሩ ይስቅባቸው ነበር፤ እኔም ስቄባቸዋለሁ።

ያን ቀን ግን ሲመጡ ፊታቸው ልክ አልነበረም። አንድ ልጅ አለቻቸው፤ እዚያው ከተማ አስተማሪ ናት። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ጤና ጣቢያ ስትታይ ጽንሱ በጎን ተጋድሟል፣ እዚህ መውለድ አትችልም፣ ሳይደርስባት ጎንደር ውሰዷት ተብለዋል። እሷ ደግሞ የተማሪዎቿን ፈተና ሳላርም አልሄድም ብላ የአንድ ሳምንት ቀጠሮ ወስዳለች።

«መንገዱን ታውቀዋለህ ልጀ» አሉኝ። «ሜዳው ላይ ማፊ ሙሽኪላ፣ ምንም ችግር የለበትም። ወደ ጭልጋ የሚያወጣው ዳገት ላይ ግን ትንፋሽ ያጥረዋል። እሷን ጭኘ እንዳይቆምብኝ። መላ በለኝ።»

መኪናው በአራቱም እግሩ የሚጎትት፣ ባለ ተርቦ ናፍጣ ነው። ተርቦ አየሩን እየጨመቀ ወደ ሞተሩ ይገፋል፤ አየር ሲጨመቅ ይግላል፤ የጋለ አየር ደግሞ ጉልበት የለውም። ስለዚህ አየሩን በመንገድ ላይ የሚያበርድ ኢንተርኩለር የሚባል ዕቃ አለ፤ በቀጫጭን ክንፎች የተሞላ ሳጥን ነው፣ ውስጡ አየር ያልፋል፣ ውጭውን ንፋስ ይመታዋል። የዚህ መኪና ኢንተርኩለር ትንሽዬ ሆኖ ከሞተሩ አናት፣ ከኮፈኖው ሥር ተቀምጧል። በእኛ ሙቀት እዚያ የተቀመጠ ነገር አያበርድም፣ ይቀቅላል። መላው ትልቅ ፈልጎ ከፊት፣ ንፋስ ከሚያገኘው ቦታ ማሰር ነበር።

ድንበሩን ተሻግሬ ጋላባት ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ዘንድ ከተገለበጠ የጭነት መኪና የተነቀለ አገኘሁ። ሻጩ በመዳፉ መታ መታ አደረገውና «ራዲተር ሀዋ» አለኝ። ሀዋ አየር ማለት ነው። የአየር ራዲያተር፤ ከዚህ የተሻለ ስም እስከ ዛሬ አልሰማሁለትም። እኔ ግን ዕቃውን ተሸክሜ ድንበሩን ስመለስ ስሙን ግማሹን እዚያው ጥዬው መጣሁ። ጋራዥ ስደርስ ራዲያተር ብቻ ሆነ፣ ቀጥሎም ሁለተኛው ራዲያተር።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። ማስኬሪና የምንለውን የፊቱን መሸፈኛ ነቀልኩ፣ ላሜራ ቆርጬ መደገፊያ በየድኩ፣ አዲሱን ከራዲያተሩ ፊት አቆምኩት፣ የጎማ ቱቦዎቹን በግራና በቀኝ አሳልፌ አጠበቅኩ። ሁሉም ገጠመ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ በግራ ጎኑ፣ ከወገቡ ከፍ ብሎ፣ ድሮ ምን እንደነበረበት የማላውቀው ጥርስ ያለው ቀዳዳ አለ። ክፍት ከተተወ አየሩ ያመልጣል። የብሎን ጣሳዬን ገልብጬ ፈለግኩ፤ ልክ የሚሆነው ያ ባለ ሁለት ጆሮ ብቻ ሆነ። የተፈታው ከእርሻ የውሃ ፓምፕ ላይ ነው። ፓምፕ ከመነሳቱ በፊት ውሃ የሚጨመርበት አፍ አለው፣ የዚያ ክዳን ነበር። እዚህ አገር ሰሊጥ የዘራ ሰው ሁሉ ይህን ክዳን ያውቀዋል፤ ሲያየው ጀሪካን ነው ትዝ የሚለው። እኔም አውቀዋለሁ። አውቄ ገጠምኩት።

ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከአጠገቤ ቆመው ነበር።

«ምንድነው እሱ ልጀ?»

«ሁለተኛ ራዲያተር ነው ጋሼ።»

«ሁለተኛ? እሰይ። ለካ የጎደለው ይኸ ነው!»

ጎንበስ ብለው ብሎኑን በጣታቸው ነካ አደረጉት። ከዚያ ምን እንዳሉ በደንብ አውቃለሁ። «እሱም ይጠጣል?» ነው ያሉት። እኔ ከመኪናው ሥር ተኝቼ የተጣመመ ላሜራ እየቀጠቀጥኩ ነበር፤ ላቡ ዓይኔ ውስጥ ገብቷል። የመለስኩትን አላስታውስም። አንዳንድ ቀን «አይ» ያልኩ ይመስለኛል፤ አንዳንድ ቀን የሳቅኩ። ብዙውን ጊዜ የሚመስለኝ ግን «እሺ እሺ» ያልኩ ነው፤ እንዲተዉኝ።

እሳቸው ዓረብኛ ያውቁ ነበር። «ሀዋ» ብላቸው ኖሮ በቂ ነበር።

ማምሻውን ከከተማው ወጣ ብለን ሞከርነው። መኪናው እዚያ ያለውን አጭር ዳገት ያለ ጥቁር ጭስ ወጣው። ጋሼ መሪውን በመዳፋቸው እየመቱ ሳቁ፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ስንመለስ ደመናው እንደ ልማዱ በምዕራብ ተከምሮ ነበር። አንዲት ጠብታ ሳይጥል ጨለመ።

ቀጠሮው ገና ቀናት ይቀሩት ነበር፤ ምጡ ግን በማግስቱ ጠዋት መጣ። ጋራዡን እየከፈትኩ ሳለ በፊቴ አለፉ። ጋሼ ክላክስ አደረጉልኝ። ልጃቸው ከኋላ በእናቷ ጭን ላይ ጋደም ብላለች፤ ፊቷ በላብ ርሷል፣ ሆኖም እጇን አነሳችልኝ። እኔም እጄን አነሳሁ። ኮርቼ ነበር፤ ይቺ ሴት ጎንደር የምትደርሰው በእኔ ሥራ ነው ብዬ።

ካለፉ በኋላ መንገዱን አየሁት። አቧራው ላይ የውሃ ጠብታ መስመር ሠርቶ ሄዷል። ጋሼ እንደ ልማዳቸው አትረፍርፈው ሞልተው ነው አልኩ። ጠብታው ግን የወረደው በግራ በኩል ነው፤ የራዲያተሩ አፍ ያለው በቀኝ ነው። ቆሜ አየሁት። ባጃጅ ይዤ ብከተላቸው ከኬላው ሳያልፉ እደርስባቸው ነበር። አልሄድኩም። አይሆንም፣ ማን የአየር ሳጥን ውስጥ ውሃ ይሞላል ብዬ ወደ ሥራዬ ገባሁ።

ወሬው የደረሰኝ ከሰዓት በኋላ ነው። መኪናው ሜዳውን በሰላም ጨርሷል። በኋላ እንደገባኝ፣ ጋሼ በብሎኑ አፍ የሞሉት ውሃ በሳጥኑ ውስጥ ከታች ተኝቶ አየሩ በላዩ ያልፍ ነበር። ዳገቱ ላይ አፍንጫው ቀና ሲልና ጋሼ ነዳጁን ሲረግጡ ውሃው በቱቦው ተስቦ ሞተሩ ገባ። ሞተር አየርን ይጨምቃል፤ ውሃን መጨመቅ አይችልም። አንድ ጊዜ ጮኸ አሉ፣ ከዚያ ዝም አለ።

ከደጋ ለእርሻ ምንጣሮ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞችን የጫነ መኪና እስኪመጣ ብዙ ቆዩ። ሠራተኞቹ ማንም ሳይጠይቃቸው ዘለው ወረዱ፣ ነጠላቸውን አነጠፉላት፣ መኪናው ዞሮ እሷን ይዞ ሲወጣ እነሱ ጥላ በሌለበት መንገድ ዳር ቀሩ። ጎንደር ስትደርስ ጽንሱ ሞቷል። እሷን አተረፏት።

ከሳምንት በኋላ መኪናው በገመድ ተጎትቶ ጋራዤ መጣ። ጋሼ አብረው መጡ፤ በአንድ ሳምንት ጎብጠዋል። እግዜር ያጥናዎት አልኳቸው፣ ኮፈኖውን ከፈትኩ፣ የመጀመሪያውን ቱቦ ፈታሁ። ውሃው በእጄ ላይ ፈሰሰ። ንጹሕ ነበር፤ ከቤት የተቀዳ የመጠጥ ውሃ። በጨርቅ ልጠርገው ስጣደፍ ጋሼ ከአጠገቤ ጎንበስ ብለው አዩት።

«አየህ» አሉኝ። «ውሃ እንኳ አልጎደለበትም። ሁለቱንም ሞልቸ ነው የወጣሁት፤ አንተ እንዳልከኝ። እንግዲህ ምን ላድርግ ልጀ?»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፍቼም ነበር። የወጣው ግን «ብረት ነው ጋሼ፣ ይሰበራል» የሚል ነው። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም። እሳቸው ትከሻዬን ያዙና እኔን ማጽናናት ጀመሩ፤ አንተ የምትችለውን ሁሉ አድርገሃል አሉኝ።

ሌላ ሞተር ተገኝቶ ገጠምኩላቸው። ኢንተርኩለሩን አውርጄ ብሎኑን ነቀልኩ፣ ቀዳዳውን በብየዳ ደፍኜ መልሼ አሰርኩት። ልጃቸው ወደ ትምህርት ቤቷ ተመልሳ ነበር፤ ማስተማሪያ ደብተሯን በደረቷ ይዛ በጋራዤ ፊት ስታልፍ እኔ ከመኪና ሥር እገባለሁ።

ጋሼ መኪናውን ሊወስዱ የመጡ ቀን ጀሪካናቸውን ይዘው ነበር። ራዲያተሩን ሞሉ። ከዚያ ወደ ግራ ዞረው ብሎኑ የነበረበትን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱ።

«ይኸኛው ውሃው በየት ሊገባ ነው?»

«ከእንግዲህ ውሃ አያስፈልገውም ጋሼ።»

«አሻሽለኸዋላ!» አሉ። ጀሪካኑን አስቀመጡና እጄን፣ ያን ብሎን ያጠበቀውን እጄን፣ በሁለት እጃቸው ያዙት። «ኸላስ፣ አበቃ። እጅህ ይባረክ ልጀ።»

አሜን አልኳቸው።