በመኪና መንገዱ ዳር የሠራነው ግንብ

የዚያን ቀን ጠዋት ከዳሱ ሥር የነበርነው እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጃችን፣ ቤት ያከራየችን የአፋር ሴት፣ ጎረቤታችን አስተማሪው፣ ከወደብ ጭነው ወደ ደጋ የሚወጡ ሁለት የከባድ መኪና ሾፌሮች፣ በኋላም ገመድ ይዞ የመጣው የማዘጋጃ ቤት ሰው ነበርን።

ቤት ያከራየችንን ሴት ሁላችንም እማማ እንላት ነበር። ባሏ ሞቷል፤ ልጅ አልወለደችም። ቤቷ አሰብ ውስጥ ከዋናው መንገድ ዳር ነበር። ከኋላ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ የእሷ፣ አንዱ የእኛ። ከፊት ለፊት በእንጨት ላይ ሰሌን የተጣለበት ሰፊ ዳስ ነበራት። ሰሌኑ አርጅቶ፣ እዚህም እዚያም በጆንያ ተጥፎ ነበር። እዚያ ሥር ተቀምጣ ለሾፌሮች ቅርንፉድ የበዛበት ሻይ ትሸጣለች። የምትተዳደረውም በዚሁ ነው።

የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ትሑት ነበር። ገመዱን በመንገዱ ዳር ዘርግቶ «እማማ፣ ከተማው እያደገ ነው» አላት። «በመንገዱ ዳር ያለ ያረጀ ቤት ሁሉ ፊቱ ይታደስ ተብሏል። ይህ ሰሌን ይነሣና በሚጸና ነገር ይሠራ። አሠራሩ የራስዎ ነው፤ ከዚህ ገመድ ብቻ አይለፍ።»

«እማማን ካፖርት ሊያለብሷት ነው!» አለ አንደኛው ሾፌር።

«በአሰብ ሙቀት?» አለ ጓደኛው፣ ሁላችንም ሳቅን። እማማም ሳቀች። ሰውየው ገመዱን ጠቅልሎ ሲሄድ ግን ዞራ ባለቤቴን አየችው። «ሻዩንስ የት ልሽጥ?»

ባለቤቴ በነዳጅ ማጣሪያው በያጅ ነበር፤ ሥራ አይፈራም። «ከግንቡ ውስጥ ነዋ! አግዳሚ ወንበር እናስገባለን። የአሰብ አንደኛ ሻይ ቤት ይሆናል» አላት። አስተማሪውም እሑድ እሑድ እረዳለሁ አለ።

እኛ የደሴ ሰዎች ነን። አስተማሪውም ደገኛ ነው። በእኛ አገር ጥሩ ቤት ማለት ብርድ የማያስገባ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ትንሽ የሆነ ነው። ብሎኬቱ ሲደረደር ማናችንም ይህን አላሰብነውም። እጃችን የለመደውን ሠራን። አንድ እሑድ እማማ ከግንቡ ሥር ቆማ እጇን ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ዘረጋች።

«ነፋሱ በየት ይገባል?»

«እማማ፣ ነፋሱ አቧራ ነው የሚያመጣው» አላት አስተማሪው።

እሷ ወደ እኔ ዞረች። ለእኔ የነፋሱ ነገር አልታየኝም። እኔን ያስጨነቀኝ መንገዱ ነው። ዳሱ በሁሉም በኩል ክፍት ስለሆነ ልጄ ዐይኔን ነቀል ካደረግሁ ከመኪናው ጎማ ሥር ናት። ሕልሜ ሁሉ ጎማ ነበር። «ግንቡ ከፍ ቢል እኔ ዐርፋለሁ» አልኳት። ልጄን አቅፋ ነበር፤ ጉንጯን ቆነጠጠቻት።

«ለዚች ከሆነማ ይሠራ» አለች።

ተሠራ። ኖራ ተቀባ። የማዘጋጃ ቤቱ ሰው መጥቶ አመሰገነ፤ ሌሎች የመንገድ ዳር ቤት ባለቤቶችም እየመጡ አዩት። እውነት ለመናገር ያምር ነበር። ከሩቅ ሲያዩት ያ የተጣፈ ሰሌን የነበረበት ቦታ አይመስልም።

ሰኔ ሲገባ ግን ደጋው ዝናብ ሲያገኝ አሰብ እሳት ነው። ግንቡ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ወደ ውስጥ ይተፋዋል። ያ በካፖርት የቀለደው ሾፌር አንድ ቀን ገብቶ ተቀመጠ፤ ሻዩን ሳይጨርስ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቆ ብድግ አለ።

«እማማ፣ የምታፈይው ሻይ ነው ሰው?»

ሳቀች። እሱም እየሳቀ ወጣ፤ ግን አልተመለሰም። መኪኖቹ በራችንን እያለፉ ወደ ታች፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ ዳስ ያለው ሰው ጋ መቆም ጀመሩ። እማማ ጠዋት ጠዋት ብርጭቆዎቹን አጥባ ትደረድራለች፤ ማታ እንደተደረደሩ ትሰበስባለች። አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገረችንም። ያ ነው የሚቆጨኝ። ብትቆጣን ኖሮ ባለቤቴ ያን ጊዜውኑ መዶሻውን ያነሣ ነበር። «ሙቀቱ በረድ ሲል እናየዋለን» እያለ ቆየ፤ እኔም አልጎተጎትኩትም። ልጄ ደኅና ናት፣ በሩ ተዘግቷል፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

ወንድሟ ዒድ ከምትባለው የባሕር ዳር መንደር በጀልባ ዓሣ ይዞ ሲመጣ አብራው ልትሄድ ተነሣች። «ሙቀቱ እስኪያልፍ ነው። ቤቱን ጠብቁልኝ» አለችን። ብርጭቆዎቹን በጨርቅ ጠቅልላ ስትይዝ አየሁ። ሙቀት የሚሸሽ ሰው ብርጭቆ ምን ያደርግለታል? ይህን ግን አልጠየቅኋትም።

ከሄደች በኋላ ባለቤቴ ከግንቡ ላይኛው ጫፍ ሁለት ረድፍ ብሎኬት አወረደ፤ በባሕሩ በኩልም ሰፋ ያለ መስኮት ከፈተ። ነፋሱ ገባ። ልጄም አልወጣችም፤ ግንቡ ከእሷ ቁመት በላይ ነበር። ሁለቱም ይቻል ነበር። የአንድ እሑድ ሥራ ነበር። ቆሜ ሳየው አለቀስኩ። መንገድ ዳር ቤት ሲታደስ ከመንገዱ ላይ ሆኖ ማየት ብቻ እንደማይበቃ፣ ከውስጥ የሚቀመጠውን ሰው መስማት እንደሚገባ ያወቅሁት ያን ቀን ነው፤ እሷ ግን ነግራን ነበር።

ሙቀቱ አለፈ፤ ሌላም መጣ፤ አልተመለሰችም። በሾፌርም በዓሣ አጥማጅም መልእክት ላክንላት። አንዱ እዚያው ባሕር ዳር ባለችው በጥዖ አየኋት ይላል፤ ሌላው ከወንድሟ ጋር ዒድ ናት ይላል። በ፲፱፻፷፮ ዓ.ም. ባለቤቴ ወደ ደሴ ሲመለስ የቤቱን ቁልፍ ለአስተማሪው ሰጥተን ወጣን።

እማማ አጭር ሴት ናት፤ በግራ እጇ ላይ የፈላ ውኃ ያቃጠላት ጠባሳ አለ። ወንድሟ ዓሣ አጥማጅ ነው። ከዒድ ወይም ከጥዖ የመጣ፣ እሷን የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ፤ በሕይወት አለች? ወደ ቤቷስ ተመልሳ ነበር?