በሰኔ የተቆፈረው አንጮቴ

ሐኪሙ ለስኳሬ ሶምሶማ ሲያዝልኝ የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ስለዚህ ሰኔ ከገባ ወዲህ ጎረቤቴ ማለዳ በሩን እያንኳኳች "አካም ቡልታን፣ አዮ!" (እንዴት አደሩ፣ እናቴ) ስትል ነጠላዬን ወገቤ ላይ አጥብቄ እወጣለሁ። እሷ ጨርቅ ነጋዴ ናት። በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፤ በወሬ ግን ትበልጠኛለች።

የምንሮጠው ከሰፈራችን ከቡርቃ ጃቶ በላይ ባለው ጫካ ነው። የምትሮጠው እንኳ እሷ ናት። እኔ ከኋላ ስለምከተል ብዙ አያለሁ፤ ዝናቡ በበሰበሰ ግንድ ላይ ያወጣውን እንጉዳይ፣ ዝግባው ላይ ተደርድረው ቁልቁል የሚያዩንን ጉሬዛዎች። እስካሁን አልሳቁብንም።

አንድ ማለዳ ቁልቁለቱ ላይ ጭቃው አዳለጣትና ክንዷ ተሰበረ። ሆስፒታል በጀሶ አሰሩላት። ከሰዓት ልጠይቃት ስሄድ "አሁን የቀረኝ አንጮቴ ነው" አለች።

እዚህ አገር አጥንቱ የተሰበረ ሰው የአንጮቴ ሥር ቀቅሎ ይበላል። ጀሶው እሱን ለማገዝ ነው። በሰኔ ግን አንጮቴ ገና ይተከላል እንጂ ገበያ አይወጣም። የነበረው የእኔ አጥር ጥግ ነው፤ ባለቤቴ የተከለው፣ ለዘር የሚቀመጥ እናት ሥር። እናቱ አይቆፈርም፤ በየክረምቱ እዚያው ያቆጠቁጣል፣ ዘርም ከሱ ይወሰዳል። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ በእጁ ከተከለው ግቢ ውስጥ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ጎረቤቴ ይህን ስለምታውቅ አልጠየቀችኝም። ጣራውን አየች።

በማግስቱ ዶማ ይዤ ወጣሁ። ቡቃያው ገና ብቅ ብሏል። ዙሪያውን ኮትኩቼ ሳወጣው ሥሩ የሕፃን ራስ ያክላል። የላዩን ግማሽ ከነቡቃያው ቆርጬ፣ የተቆረጠውን አመድ ቀብቼ ወደ ጉድጓዱ መለስኩት። የታችኛውን ቀቅዬ ወሰድኩላት።

ድስቱን ከፍታ አየች። ባለቤቴን አባባ ነበር የምትለው።

"የአባባ ነው?"

"ብዪ፣ ይቀዘቅዛል።"

"ቢደርቅብዎትስ፣ አዮ?"

"አንቺስ ባትድኚ? ብዪ።"

በላች። ከዚያ ጨው አንሶታል አለች።

አሁን ጫካ የምሄደው ብቻዬን ነው። ስመለስ መጀመሪያ የማየው አጥሩን ነው። ቡቃያው ጠውልጎ ሰነበተ። ዛሬ ቀና ብሎ አጥሩን ይዟል። ጫማዬን ሳልለውጥ ልነግራት ሄድኩ።

"እሰይ!" አለች። "ሁለተኛውን ግማሽ መቼ ያመጡልኛል?"

"ሁለተኛው ክንድሽ ሲሰበር።"

ከነጀሶዋ እስከ በር ሸኘችኝ።