ቅዳሜ ዝግ የሆነው ሙዚየም

ፉሪ፣ ጠዋት

ከቤት ስንወጣ እማዬ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ተከናንባለች። እኔ ሳምንቱን ሙሉ እንደጦፍኩ ነኝ። ባለፈው ሳምንት በሩን ዘግታ፣ ድምጿን ቀንሳ፣ «እኛ ቤተ እስራኤል ነን። አባቴ ጎንደር ብረት ቀጥቃጭ ነበር» አለችኝ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ማተብ አስራ አሳድጋኝ! ለምን ደበቅሽኝ ስላት፣ «ቡዳ እንዳይሉህ ነዋ» አለች። እኔ ደግሞ በሹክሹክታ የሚነገር ዘር አልፈልግም። ብስራተ ገብርኤል አካባቢ የቤተ እስራኤልን ዕቃ የሚያሳይ ትንሽ ሙዚየም አለ ሲባል ሰምቼ፣ እዛ ወስደሽ ጮክ ብለሽ ንገሪኝ አልኳት።

«እሺ፤ ግን እንደ ጎብኚ ነው የምንገባው። ማንም እንዳያውቀኝ።»

በባጃጅ ሃና ማርያም ደረስን፤ ከዛ በሚኒባስ፣ የተቆፈረ መንገድ አቧራ እየጠጣን፣ ላፍቶን አልፈን መካኒሳ ወረድን። ቦንቦሊኖ ልገዛ ስል ሃያ ብር አለችኝ ሻጯ። ድሮ ሁለት ብር ነበር ብዬ ተነታረክኩ።

«እንግዲያው ድሮ ሄደህ ብላ» አለችኝ። በላሁት፣ በሃያ ብሩ።

ብስራተ ገብርኤል

ሙዚየሙ ከቤተ እስራኤሎች ጸሎት ቤት ጋር አንድ ግቢ ነው። በሩ ላይ ሽማግሌ ጥበቃ ተቀምጠዋል።

«ዝግ ነው።»

«ቅዳሜ ሙዚየም የሚዘጋው የት አገር ነው? እኔ ሌላው ቀን ብሎኬት ሳመርት ነው የምውለው።»

«ሰንበት ነዋ ልጄ። ዛሬ የሚገባው ለጸሎት የሚመጣ የቤቱ ሰው ብቻ ነው። እናንተ እንግዳ ናችሁ ወይስ የቤቱ?»

እማዬን አየኋት። እሷ መሬት መሬቱን ታያለች።

«እንግዳ ነን» አለች።

«እንግዲያው ሰኞ ኑ።»

ጥግ እንደዞርን ፈነዳሁ። «እዚህም? የራስሽ ሰዎች በር ላይ? እዚህ ደግሞ ማነው ቡዳ የሚልሽ?»

ከግቢው በግዕዝ ዜማ ይሰማል። ከንፈሯ ዜማውን እየተከተለ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዛ ዞራ ወደ በሩ ተመለሰች፤ እኔ ከኋላ።

«ጋሼ፣ ቅድም ዋሽቼዎታለሁ። የቀጥቃጩ የታከለ ልጅ ነኝ። የቤቱ ነኝ።»

ሰውየው አልተገረሙም። «ጫማ በር ላይ ነው የሚወለቀው» አሏት። ለኔ ደግሞ፣ «ስልክህን አጥፋ።»

ወደ ጸሎቱ የሚታለፈው በሙዚየሙ ክፍል ነው። በሰንበት መብራት አይበራም፤ ዕቃው ላይ የተጻፈው አይነበብም። ሸክላ አለ፣ የሽመና ዕቃ አለ፣ ከቆዳ የተሰራ ወናፍ አለ። እማዬ ወናፉ ጋ ቆመች።

«አባቴ በዚህ እሳቱን ሲነፋ እኔ ከሰል እጨምርለት ነበር» አለች።

ከዛ ገብታ ጸለየች። እኔ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ፤ እግሬ አላርፍ አለኝ።

የመልስ መንገድ

ስንወጣ ታክሲ ልጠራ እጄን አነሳሁ።

«መኪና አልሳፈርም።»

«እማዬ፣ ጠዋት በምን መጣን?»

«ጠዋት እንግዳ ነበርኩ።»

«ፉሪ እኮ ነው የምንሄደው!»

«በሰንበት በእግርም ቢሆን ሩቅ መንገድ አይፈቀድም። መኪናው ግን ይብሳል።»

በፀሐይ በእግር ተያያዝነው፤ እኔ እየቀደምኩ እየቆምኩ፣ እሷ በራሷ እርምጃ። ላፍቶ ታክሲ መያዣው ጋ ሰው ተሰልፏል፤ አንዲት ጎረቤታችንም አለች። ረዳቱ አየን።

«ማዘር፣ ፉሪ ነው? ግቢ፣ ለትልቅ ሰው ሰልፍ የለም!»

«ሰንበት ነው ልጄ፣ አልሳፈርም።»

«ሰንበት ነገ ነው ማዘር፣ ቀን ተምታቶብሽ ነው።»

ሰልፉ ሳቀ። ልሰድበው አፌን ስከፍት እማዬ ክንዴን ያዘችኝ።

«የናንተ ነገ ነው። እኔ ቤተ እስራኤል ነኝ፤ የኔ ዛሬ ነው።»

ሳቁ ቆመ። ረዳቱ፣ «በቃ በርቺ ማዘር» ብሎ በሩን ዘጋው።

ቤት ስንደርስ እግሯ አብጧል። ውሃ ላሙቅልሽ ስላት እስኪመሽ እሳት አይነድም አለች፤ በቀዝቃዛ አጠብኩላት። ጎረቤታችን ነገ ምን ብላ እንደምትጠራን አላውቅም። ይቺ መንገድ ያስተማረችኝ አንድ ነገር ነው፦ ሳምንቱን ሙሉ ተናገሪ፣ ተናገሪ እያልኩ የነዘነዝኳት እኔ ነኝ። ሰልፉ ፊት ስትናገር ግን ማን ሰማን ብዬ ግራ ቀኝ ያየሁትም እኔ ነኝ። እሷ ፊት ለፊቷን ነበር የምታየው።