የነጎድጓድ ልጅ ቫዮሊን

በዚያ ብረት ቤት የግቢ በር ሊያሠራ የመጣ ሰው ሁሉ ሳይወድ በግዱ የቫዮሊን ወሬ ይሰማል። በያጁ ሜትሩን ዘርግቶ የበሩን ስፋት እየለካ፣ «ሦስት ሜትር ከሃያ... ልጄ ቫዮሊን ትጫወታለች፣ ነግሬሃለሁ?» ይላል። ነግሮታል። ባለፈው ሳምንት ሰውየው የበሩን ቀለም ሊመርጥ ሲመጣም ነግሮታል። ግን ማን ደፍሮ «ሰምቻለሁ» ይለዋል? በያጁ አፉን ሲከፍት ላሜራ የሚደበደብ ነው የሚመስለው፤ የሰፈሩ ሰው «ነጎድጓድ» ብሎ ስም ያወጣለትም ለዚህ ነው። ስሙን ይወደዋል። የሚጮኸው ደስታ ስለሚበዛበት ነው ብሎ ያምናል፤ እንግዲህ ይመን።

እውነቱን ለመናገር ነጎድጓድ የሚጮኸው ስለማይሰማ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ብረት ሲቆርጥ፣ ሲሞርድና ሲቀጠቅጥ አንድ ቀን ጆሮውን ሸፍኖ አያውቅም። «ጆሮውን የደፈነ ሰው ማሽኑ ሲታመም በምን ያውቃል?» እያለ በጓደኞቹ ይስቅ ነበር። መጀመሪያ የወፎቹ ድምፅ ጠፋ፤ ቀጥሎ የበር ደወል፤ ቀጥሎ ሚስቱ ወጥ ቤት ሆና የምታንጎራጉረው። ለማንም ትንፍሽ አላለም። የማይሰማ ሰው ማሽን አጠገብ ማን ያቆመዋል ብሎ ፈራ። ይልቅስ ብልሃት ተማረ፤ ሲያወሩት አፍ አፋቸውን ያያል፣ ሲስቁ ይስቃል፣ ያልገባው ነገር ሲመጣ ራሱን ነቅንቆ «እሱስ ልክ ነህ» ይላል። «እሱስ ልክ ነህ» ስንቱን ጣጣ ታሳልፋለች መሰላችሁ! በዚህች ብልሃት አገር ምድሩን ያታለለ ይመስለው ነበር።

ልጁ ስምንት ዓመቷ ነው። ብቸኛ ልጁ ናት፣ ዘግይታ የመጣች፤ «ሚጣዬ» ይላታል። የትምህርት ቤቷ የሙዚቃ አስተማሪ ጣቶቿን አይታ «ይቺ ልጅ ቫዮሊን ትማር» ያለች ቀን አባት መሬት አልበቃውም። የራሱ ጣቶች ግማሹ የተቃጠሉ፣ ግማሹ የተጨፈለቁ ናቸው፤ ከእሱ እንዲህ ያለ ጣት መውጣቱ ራሱ ገረመው። በነጋታው የሰው ሥራ አቁሞ የኖታ ማስቀመጫ ሲበይድላት ዋለ፤ ባለ አራት እግር፣ ዝገት መከላከያ የተቀባ፣ ሁለት ሰው ካልተረዳዳ የማይነሳ። አስተማሪዋ አይታው «እንዴ፣ ይሄ እኮ ለወረቀት ነው!» አለች።

«ነፋስ ቢመጣስ?» አላት።

ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ ከሥራ ይገባና ቱታውን ያወልቃል፣ ክንዱን እስከ ክርኑ በሳሙና ይፈትጋል፣ ንጹሕ ሸሚዝ ይለብሳል። ጎረቤት ይስማ ብሎ መስኮቱን ወለል አድርጎ ይከፍታል። ከዚያ ከልጅቷ ፊት ለፊት ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ቀስቱ ክሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል፣ ትንንሽ ጣቶቿ ሲርመሰመሱ፣ ከንፈሯን ነክሳ ስትጠበብ ሲያይ ልቡ ቅቤ ይጠጣል። ድምፁማ አይደርሰውም። ያየውን ግን በራሱ ዜማ እየሞላ ያዳምጠዋል፤ እሱም ይበቃው ነበር። ስትጨርስ ዓይኑን ጠረግ ጠረግ አድርጎ «ዛሬስ ከትናንቱ በለጠ!» ይላታል። የዛሬው ከትናንቱ ያልበለጠበት ቀን የለም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቀቢውን ቤቱ ጠራው። ቀቢው ነጎድጓድ የበየዳቸውን በሮች ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የቀባ፣ ቀልደኛ ሰው፣ የልብ ወዳጁ ነው። ነጎድጓድ «ናና ጆሮህ ሙዚቃ ይስማ!» እያለ ስንት ጊዜ ለመነው፤ ቀቢው ግን አንዴ አሞኛል፣ አንዴ እንግዳ አለብኝ እያለ ሲሸሽ ከርሟል። ያን ቀን ማምለጫ አጣ። በሩን የከፈተችለት ሚስት ናት። ነጎድጓድ ወንበር ሲያስተካክል ሁለቱ ደጃፍ ላይ ትንሽ ቆዩ፤ ሚስት ጠጋ ብላ አንድ ነገር ስታንሾካሹክለት አይቷል። ስለ ሻይ ይሆናል ብሎ አለፈው።

ሚጣ ተነሳች። ቫዮሊኑን አገጯ ሥር ወሸቀች፣ ቀስቱን አነሳች፣ ጀመረች። ነጎድጓድ ልጅቷን ትቶ የቀቢውን ፊት ይጠብቅ ጀመር፤ ያ ፊት ሲፈካ ለማየት ነበር ሳምንቱን ሙሉ የጓጓው። ቀቢው ግን ወለሉን ነው የሚያየው። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ሚስትየዋን አየና ተመልሶ አቀረቀረ። ምን ነካው ይሄ ሰው?

ነጎድጓድ ያልነካውን ነገር አያምንም። ብረት ቤት ውስጥ ሞተር ሲነሳ መዳፉን ይጭንበታል፤ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ሊበላሽ ሲል ከሁሉም ቀድሞ የሚያውቀው በዚያ መዳፍ ነው። ልጁን ግን ስትጫወት ነክቷት አያውቅም። አስተማሪዋ «ስትጫወት እንዳይነኳት፣ አያያዟ ይበላሻል» ብላው ስለነበር አደራዋን እንደ ሕግ አክብሯል። ያን ቀን ግን የወዳጁ ፊት አለመፍካት አስጨነቀው። «እንጨቱ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ናማ ንካው!» ብሎ ተነሳና ያን ሰፊ መዳፉን የቫዮሊኑ ጀርባ ላይ አሳረፈ።

ምንም የለም።

ቀስቱ ይሄዳል፣ ይመጣል። ጣቶቿ ይነሳሉ፣ ይወድቃሉ። እንጨቱ ግን ጭጭ፤ እንደጠፋ ሞተር ነው። መዳፉን አነሳና መልሶ ጫነው። ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። ዓይኖቿ ፈጠጡ፣ እጇ ግን አላቆመም። እስከ መጨረሻው ወሰደችው፣ ከዚያ ቀስቷን ዝቅ አድርጋ ለእንግዳው እጅ ነሳች።

አጨበጨቡ! ሚስትም ቀቢውም አጨበጨቡ። ቀቢው ጭራሽ ከወንበሩ ተነስቶ «ይበል! ይበል! የምትገርም ልጅ!» ሲል ነጎድጓድ ከአፉ ላይ አነበበ። ክው ብሎ ቀረ። ጠላት እንኳ እንዲህ አያደርግም። በገዛ ቤቱ፣ ዓይኑ እያየ፣ የሚወዳቸው ሰዎች ተማክረው ሲጫወቱበት ቆሞ ተመለከተ። ቀቢው ፊቱን ሲያይ ነገሩ ገባው፤ ሻዩን ሳይጨርስ ሹልክ ብሎ ወጣ።

«ስንት ጊዜ ሆነው?» አላት ሚስቱን። ድምፁ ዝቅ ብሎ ስለወጣ ደነገጠች።

«ምኑ?»

«አትቀልጂብኝ። እንጨቱ በድን ነው።»

ሚስት ትሪውን አስቀመጠች። «አምስት ወር» አለች። «ትምህርቱንም ትታዋለች። ሁለተኛ አልጫወትም ብላ ድርቅ አለች። ብለምናት፣ ብቆጣት፣ አሻፈረኝ አለች።»

«ለእኔ አይነገርም?»

«ምን ብዬ? ሸሚዝህን ለብሰህ ወንበር ስትስብ እያየሁ? ለአባትሽ ስትይ ዝም ብለሽ ቀስቱን አንቀሳቅሺለት አልኳት። ያቺን ደስታህን መቀማት አቃተኝ።»

«እንደማልሰማ ማን ነገረሽ?»

ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ ምሬት አለበት። «ማን ይነግረኛል? ስልክህ ኪስህ ውስጥ ሲጮህ ከመንገድ ማዶ ባለሱቋ አይደለች እንዴ ተሻግራ የምትነግርህ? ሰፈሩ ያውቃል። ብረት ቤቱ ያውቃል። ሰው ደግ ሆኖ ዝም አለህ እንጂ።»

«ደግ?» አለ። «ይሄ ደግነት ነው?»

እርር ድብን አለ። አምስት ወር ሙሉ መስኮት ሲከፍት የኖረው ለምንድን ነው? ጎረቤቱ ጠዋት ጠዋት «ልጅህ ጎበዝ ናት» የሚለው ምኑን ሰምቶ ነው? ሜትር ይዞ ስለ ቫዮሊን ሲደሰኩር ስንቱ ደንበኛ እሱ ጀርባውን ሲያዞር ጠቅሶበታል? መሳቂያ መሳለቂያ አድርገውታል። ያም ይሁን፣ ሚስትም አዝናለት ነው ይባል፣ ቀቢውም ተለምኖ ነው ይባል። ሚጣስ? ሚጣዬ? በየምሽቱ ፊቱ ቆማ፣ ዓይን ዓይኑን እያየች? አንጀቱን የቆረጠው ይሄ ነው።

ሚጣ አልጋዋ ላይ ኩርምት ብላ አገኛት። አፏን እንዲያይ ሆኖ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ምን አድርጌሽ ነው?» አላት። «እኔን አባትሽን? ንገሪኝ፣ ምን በድዬሽ ነው እንዲህ የዋሸሽኝ?»

«አንተ ነህ መጀመሪያ የዋሸኸኝ።»

«እኔ?»

ልጅቷ ቃሉን እየለየች፣ ከንፈሯን ጎላ እያደረገች ነገረችው። ለካ እሷም እንዴት እንደሚወራለት ታውቅበታለች። በክረምት የቀስቷ የፈረስ ፀጉር ተቀይሮ ነበር። አዲስ ፀጉር የዛፍ ሙጫ ካልተቀባ ክሩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ ድምፅ አያወጣም። ሚጣ ሙጫውን መቀባት ረስታ ፊቱ ቆመች። ብትስበው ብትስበው ድምፅ የለም። አባዬ አሁን «ምነው?» ይለኛል፣ አብረን እንስቃለን ብላ እስከ መጨረሻው ሳበችው። ጨርሳ ቀና ስትል አባቷ እንባውን እየጠረገ ነበር። «እንደዛሬው ተጫውተሽ አታውቂም» አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀስቷን ሙጫ አስነክታው አታውቅም።

«ከዚያ በፊት በጣም ነበር የምለማመደው» አለች። «እረፍት እንኳ አልወጣም ነበር። ጓደኞቼ ሲጫወቱ ክፍል ውስጥ እቀራለሁ። የምታስቸግረኝን ቦታ ለአንተ ነበር የማስተካክላት። ‹ዛሬ በለጠ› ስትለኝ፣ አወቀልኝ እያልኩ እተኛለሁ።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «አባዬ፣ መቼ ነው ሰምተኸኝ የምታውቀው?»

መዋሸት ይችል ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ትንሽ እሰማሽ ነበር ቢላት ሕፃን ናት፣ ታምነዋለች። እሱም ይቀልለዋል። ቃሉ አፉ ላይ ደርሶ ነበር።

«አንድም ቀን» አላት።

የሚጣ ፊት ጨለመ። ሌላ መልስ ስትጠብቅ እንደነበር ያኔ ገባው፤ ግን ከአፉ ወጥቷል።

«ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ለማን ነበር የምጫወተው?» አለችው።