አምፖሉ ደብዝዞ ውሃ ያልመጣ ዕለት

ደህንነቶች የያዙኝ ኮተቤ መንገድ ላይ፣ ከታክሲ ስወርድ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ መጽሐፍ ቅዱሴና የላቦራቶሪ ወረቀቶቼ ነበሩ። የጫኑኝ መኪና የየካን ዳገት ሲጀምር አንገቴን አስደፉኝ። ወደ እንጦጦ መጠጋታችንን ያወቅሁት በባህር ዛፉ ሽታ ብቻ ነው።

ክፍሏ የሰው ቤት ዕቃ ማስቀመጫ የነበረች ትመስላለች። መስኮቷ በብሎኬት ተደፍኗል። ጣሪያው ላይ ቀንም ሌትም የማይጠፋ አምፖል፣ ጥግ ላይ ቧንቧ። ፍራሹ ላይ፣ በኋላ እንደነገረችኝ ጉርድ ሾላ ሰፈር ጨርቅ የምትሸጥ፣ አንዲት ወጣት ተቀምጣለች።

«አምፖሉን ታዪዋለሽ?» አለችኝ ገና ሳልቀመጥ። «ሲደበዝዝ ወንድሜ ላይ ኤሌክትሪክ ለቀቁበት ማለት ነው። መርማሪው ነው የነገረኝ። መሣሪያ ደብቋል ብዬ ከፈረምኩ ይተውታል።»

ከሰዓት በኋላ አምፖሉ ደበዘዘ። እንደታመመ ዓይን ቢጫ ሆነ። ልጅቷ ሻርፗን ነክሳ ቀረች። ብርሃኑ ሲመለስ ሥራዬን ጠየቀችኝ።

«ፕሮቲን ዲኤንኤን እንዴት እንደሚይዝ አጠናለሁ። በዓይን አይታይም። ብርሃን እንሰድበታለን፣ ፕሮቲኑ መልሶ ያበራል። ዲኤንኤውን ሲጨብጥ ግን ብርሃኑ ይደክማል። ከድካሙ ተነስተን መያዙን እናውቃለን።»

«ወላሂ፣ አንቺም መርማሪ ነሽ!»

ሳቅን። ነገሩ ግን ከውስጤ አልወጣም። ብርሃን በደከመ ቁጥር ተያዘ አይባልም፤ ሌላ ነገር መሐል ገብቶ ብርሃኑን ሊጠጣው ይችላል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ፕሮቲን የሌለበትን ባዶ ፈሳሽ የምንለካው።

በማግስቱ መዳፌን ቧንቧው ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። አምፖሉ ሲደበዝዝ ብረቱ ተንቀጠቀጠ። ትንሽ ቆይቶ ውሃ መጣ። በተከታዮቹም ቀናት እንዲሁ ሆነ።

«ፓምፕ ነው» አልኳት። «ሮቶ እየሞሉ ነው።»

«በጌታሽ?»

«በእጄ ዳስሼዋለሁ። አንቺም ዳስሺው።»

ዳሰሰችው፤ ከዚያ አለቀሰች። በዚያው ቀን ሲጠሯት አልፈርምም ብላ ተመለሰች።

ማግስቱን ቀትር ላይ አምፖሉ ደበዘዘ። ከወትሮው ቆየ። ቧንቧውን ያዝኩት። ቀዝቃዛ ነበር፣ ፀጥ ያለ። ውጭ የባህር ዛፉ ንፋስ እንኳ ያቆመ መሰለኝ። ልጅቷ ፊቴን ታያለች።

«መጣ?»

አዎ ብላት ታምነኝ ነበር።

«አልመጣም» አልኩ። «ምን እንደሆነ አላውቅም። እኔ የማላውቀውን ግን እነሱ አይንገሩሽ።»

በሩ ተከፈተ። «ተነሺ፣ ትፈለጊያለሽ» አለ ጠባቂው።

«ቆይ፣ ልታጠብ።»

በጠርሙስ ያስቀመጥናትን ውሃ አፈሰስኩላት። እጇን፣ አፏን፣ ፊቷን፣ እግሯን ታጠበች፤ አልተጣደፈችም። ጠባቂው ጠመንጃውን ከትከሻ ትከሻ እያዘዋወረ ጠበቃት። ጫማዋን አቀረብኩላትና ሄደች። ስትመለስ እጆቿን ዘርግታ አሳየችኝ። ጣቶቿ ላይ የፊርማ ቀለም አልነበረም።

ተፈትቼ፣ አሁን ከአገሬ ርቄ ያንኑ ሥራ እሠራለሁ። ከዓመታት በኋላ ልጅቷ ደወለችልኝ። ወንድሟ ለካ እኛ ከመያዛችን በፊት ድንበር ተሻግሮ ነበር። እዚያ ቤት አንድ ቀን እንኳ አልገባም።

«ታዲያ ያን ቀን ቀትር ላይ ማን ነበር?» አለችኝ።



የመብራት ኃይል ቀንሶ ይሆናል እላለሁ። ያም ሆኖ ላቦራቶሪ ውስጥ መሣሪያዬ ላይ ብርሃኑ ሲወርድ፣ ውጤቱን ከመመዝገቤ በፊት ስሙን ለማላውቀው ሰው እጸልያለሁ። ሰው ከነበረ።